ትምህርትና መሣሪያ፤ ንድፈ ሐሳብ ለምን ይጠቅመናል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በትምህርት ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው አንድ ነገር ለመወሰን ነው። ከአባሎቻችን መዋጮና ካለፈው የቲያትር ምሽት ገቢ የተጠራቀመ ጥቂት ገንዘብ በማኅበሩ ሣጥን ይገኛል። ይህ ገንዘብ በመጪው ክረምት ለአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጃ እንዲውል ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ያልተስማማነው በአወጣጡ ነው። አንዱ ወገን «ታብሌት ይገዛ፤ የተቀረጸ ትምህርት ይጫንበትና ይላክ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «መሣሪያው ይቅር፤ እኛው ሄደን እናስተምር» ይላል። ነገሩ ለትምህርት ኮሚቴው ተመራና እኛ የኮሚቴው አባሎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የክርክሩን ፍሬ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከእኛም መካከል በቀጥታ ያለፍን እንዳለን ሁሉ በማካካሻ ትምህርት በኩል የገባን አለን። ስለዚህ ስለ እነዚያ ልጆች ስንናገር ስለ ሩቅ ሰዎች አይደለም የምንናገረው። አብረውን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ስለ ነበሩት ጓደኞቻችን፣ ስለ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው።

አሁን አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። በመጀመሪያው ሳምንት የተከራከርነው በስም ነበር። አንዳችን ማርክስን ስንጠራ ሌላችን ፍሬሬን እንጠራለን፤ አንዳችን «የካፒታል መሣሪያ» ስንል ሌላችን «የባህል ኢምፔሪያሊዝም» እንላለን። ሁላችንም የተናገርነው ያማረ ነበር፤ ድምፃችንም ከፍ ያለ ነበር። በመጨረሻ ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነችው እኅታችን እጇን አወጣችና «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ስለ ታብሌቱ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ይህ ዝምታ ብዙ አስተማረን። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። በአገራችን በቅኔ ቤት ያለው ሥርዓት ይህንኑ ያሳያል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አካሄዱን ያጠናል፤ ነገር ግን ትምህርቱን የሚያስመሰክረው የራሱን አዲስ ቅኔ አስቦ፣ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት አሰምቶና ታርሞ ነው። የሌላውን ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢመጣ ቅኔ ተቀኘ አይባልም። እኛ ግን በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን የፓሪስንና የበርሊንን ቅኔ በቃላችን ይዘን ተቀኘን ስንል እንውላለን። ንድፈ ሐሳብ ለማጌጫ የሚጠመጠም ነገር ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ጥቅሙ አይተነው ያለፍነውን ነገር እንድንጠይቅ ሲያደርገን ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ስሞቹን ሁሉ ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ተስማማን። ከእያንዳንዱ አሳቢ አንድ ጥያቄ ብቻ ወሰድን።

የመጀመሪያውን የወሰድነው ከአገራችን ሰው ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያስረዱት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም ይለውጣል። እንግዲህ ጥያቄያችን፣ አንድ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ዕውቀቱን የሚሠራው ማን ነው? ገዝቶ የሚጠቀም ብቻስ ማን ነው? የሚል ነው።

ሁለተኛው ከማርክስ ነው። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የ«ካፒታል» አንደኛ ቅጽ ውስጥ መኪናውንና መኪናው የሚውልበትን ሥርዓት ለይቶ ያያል። ሠራተኞች መኪናውን መስበር ትተው የአጠቃቀሙን ሥርዓት መታገል እስኪማሩ ድረስ ጊዜ እንደ ወሰደባቸውም ይጽፋል። ጥያቄያችንም፣ በመሣሪያው ላይ የሚያዝ ማን ነው? መሣሪያው የሚያዝዘውስ ማንን ነው? የሚል ነው።

ሦስተኛው ከፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ከቡርድዩ ነው። ቡርድዩና ጓደኛው ፓስሮን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1970 ባወጧቸው መጻሕፍት ትምህርት ቤት ለሁሉም ያልሰጠውን ነገር ከሁሉም እኩል እንደሚጠይቅ አሳይተዋል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋና ልማድ በክፍል ውስጥ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ይቆጠርለታል። ጥያቄያችን፣ መሣሪያው ተማሪው ከቤቱ ምን ይዞ መጥቷል ብሎ ነው የሚያስተምረው? የሚል ነው።

አራተኛው ከብራዚላዊው ከፓውሎ ፍሬሬ ነው። ፍሬሬ መምህሩ እንደ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪውም እንደ ባንክ ሣጥን የሆነበትን ትምህርት ተቃወመ። ጥያቄያችን አጭር ነው፤ ተማሪው መናገር ይችላል ወይ?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከያዝን በኋላ መጀመሪያ የፈተንናቸው ሁላችንም በምናውቀው በፕላዝማው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ለመላው አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የቴሌቪዥን ትምህርት ማሰራጨት ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በየክፍሉ ግድግዳ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ይታዩ ነበር። ትምህርቱ መጀመሪያ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪቃ ሲሆን የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነበር፤ ለክፍሉ አስተማሪ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈው ነበር።

ለሚዛን እንጂ ለነቀፋ ብቻ እንዳንናገር ዓላማውን እንመስክር። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ይከፈቱ ነበር፤ የሠለጠነ አስተማሪ ግን አልነበረም። የጋምቤላ ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በዚያችው ሰዓት እንዲያገኝ ማሰብ የእኩልነት ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ የሚጠላ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

ነገር ግን አራቱን ጥያቄዎች እናቅርብለት። ዕውቀቱን የሠራው ማን ነበር? ትምህርቱ ተሠርቶ የተገዛ ነበር፤ ትምህርት የማዘጋጀት ብልሃት የሚገኘው ደግሞ በመሥራት ስለሆነ ከሻጩ ዘንድ የሚቀረው ትልቁ ሀብት እርሱ ነው። የሚያዝስ ማን ነበር? ሥርጭቱ በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ስለሚተላለፍ ሊያስቆመው የሚችል አስተማሪ አልነበረም። በዕውቀቱ ይከበር የነበረው ሰው ቴሌቪዥኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ሆነ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያመለጠው ትምህርት አመለጠ፤ ተመልሶ አይመጣም። ተማሪው ከቤቱ ምን ይዞ ይመጣል ተብሎ ታስቦ ነበር? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። እንግዲህ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲማር የቆየው ልጅ 9ኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የማያውቀውን የእንግሊዝኛ አነጋገር ከስክሪን ላይ፣ ያለ ማቋረጥ፣ እንዲሰማ ተፈረደበት። በቤቱ እንግሊዝኛ የሰማና በግል ትምህርት ቤት ያለፈው ልጅ ተከተለ፤ ሌላው ቀረ። እኩልነት ለማምጣት የታሰበው መሣሪያ የነበረውን ልዩነት ይዞ አስቀጠለ።

አራተኛውን ጥያቄ ታላላቆቻችን ይመልሱልን። ከዚያ ዘመን ተማሪዎች አንዲቱ ለኮሚቴው እንዲህ አለች፦ «ሴትዮዋ በስክሪኑ ላይ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች። እኛ ደብተራችንን ስንገልጥ እርሷ 'በጣም ጥሩ፣ ትክክል ነው' ብላ ታልፋለች። ማንን ትክክል እንዳለች እስካሁን አላወቅንም።»

ወንድሞችና እኅቶች! እጅ ያወጣን ልጅ የማያይ መምህር ምን ዓይነት መምህር ነው?

እኛ ራሳችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ከመካከላችን ብዙዎቹ ያገኙት የሞተ ስክሪን ነበር። አቧራ ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የብረት ሣጥኑ ተቆልፎ፣ አስተማሪው በጎኑ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። የዚያ ሁሉ ወጪ መታሰቢያ እርሱ ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ነገር በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት ተሰብስበው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ጥናት አዘጋጅተው ነበር። ትምህርት በከተማ ታጥሮ እንዳይቀርና ለገጠሩ ሕዝብ እንዲዳረስ የሚል በጎ ሐሳብ ነበረበት። ነገር ግን አስተማሪውም ወላጁም ሳይጠየቅ ተዘጋጀ፤ ለሕዝብም ሳይገለጥ ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ ወላጆች «የድሃ ልጅ ከጥቂት ክፍል በኋላ ወደ እርሻው ይመለስ ተባለ» ብለው ተረዱት። አስተማሪዎች በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። የአብዮቱ እሳት ከተቀጣጠለባቸው እንጨቶች አንዱ ይህ ነበር። የዚያ ዕቅድ ዋና ነገር መኪና አልነበረም፤ የጎደለው ግን ከፕላዝማው የጎደለው ራሱ ነው። የሚመለከተው ሰው አልተጠየቀም።

አሁን ወደ ታብሌቱ እንምጣ። ታብሌት ይገዛ የሚሉት ወንድሞቻችን «ፕላዝማ አይቆምም፤ ታብሌት ግን ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይደገማል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። አንድ ምሳሌም አምጥተውልናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ያቋቋመው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ 20 ለሚያህሉ ሕፃናት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ በታሸገ ካርቶን ሰጠ። ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው ከልጆቹ አንዱ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን የመሣሪያውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው የልጆቻችን አእምሮ ምንም እንዳልጎደለው ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ኔግሮፖንቴን መጠበቅ አልነበረብንም። ሁለተኛው የሚያሳስበን ነው። የዘመሩት ምን ነበር? የእንግሊዝኛ ፊደል። የአባታቸውንና የእናታቸውን ቋንቋ የሚያስተምር ነገር ከሣጥኑ ውስጥ ቢወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ራሳቸው ፈልገው የከፈቱት ደግሞ ካሜራውን ነው። መሣሪያው ያዘጋጀላቸውን ዘምረው ሲያበቁ የራሳቸውን ዓለም የሚያዩበትን ቀዳዳ ፈለጉ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመሣሪያ ነገር ሲነሳ የ2012ን ዓ.ም. ወረርሽኝ መርሳት አይቻልም። በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በከተማ ደግሞ በስልክ ይተላለፍ ጀመር። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን አንዳንዶች አስተማሪያቸው በቴሌግራም የላከላቸውን ጥያቄ እየሠሩ ከረሙ። አንዳንዶች ደግሞ ከብት ሲጠብቁ ከረሙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በአንድ ፈተና ተቀመጡ። ቡርድዩን ለመረዳት ፓሪስ መሄድ አላስፈለገንም።

እስካሁን የተናገርነው የሚኒስቴሩንና የውጭ ድርጅቱን ጉድለት ነው። የሌላውን ጉድለት መናገር ደግሞ ተማሪ የሚሰለጥንበት ሥራ ነው። አሁን የራሳችንን እንናገር፤ ይህን ለመናገር ነው ዋናው የመጣነው።

ባለፈው ክረምት ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን አሥራ አንድ ተማሪዎች ከዚህ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ለአንድ ትምህርት ቤት የማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ሄድን። ፕሮጀክተር ተሸክመን፣ ስላይድ አዘጋጅተን፣ ቲሸርት አሳትመን ሄድን። የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች በክብር ተቀበሉን። እኛም እነርሱን ከኋላ አስቀምጠን ከፊት ቆምን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው ብለን በእንግሊዝኛ አስተማርን። በሁለት ቀን ሦስት ምዕራፍ ጨረስን። «ጥያቄ አለ?» ስንል ጥያቄ የለም። እኛም ገብቷቸዋል ብለን ተደሰትን።

በሦስተኛው ቀን የኬሚስትሪ ትምህርት ላይ «ሞል» የሚባለውን ስናስረዳ መብራት ጠፋ። ስላይዱ ጠፋ፤ እኛም ከስላይዱ ጋር ጠፋን። ያለ እርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መቀጠል አቃተን። ከኋላ የተቀመጡት የትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ዕድሜያቸው የአባታችን የሚሆን ሰው፣ ቀስ ብለው ተነሡና «ልጆቼ ትፈቅዱልኛላችሁ?» ብለው ጠመኔ ያዙ። ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ብለው በልጆቹ ቋንቋ «ደርዘን ደብተር ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «12!» «ደርዘን እርሳስስ?» «12!» «ክብደታቸው እኩል ነው?» ክፍሉ ሳቀ። «እንግዲህ ሞል ማለት ትልቅ ደርዘን ነው። የካርቦን አቶሞችን በዚህ ደርዘን ብትቆጥሩ 12 ግራም ይመዝናሉ፤ ውኃ ግን በዚሁ ደርዘን ሲቆጠር 18 ግራም ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ክብደቱ ልዩ ነው» አሉ። ያን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆች ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት ስምንት። አንድ ልጅ «ታዲያ ለምን 12 ብቻ አልተባለም? ለምን ያን ያህል ትልቅ ቁጥር ሆነ?» አለ። ከእኛ መካከል ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሌሊት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን ስንነጋገር አንድ ጓደኛችን «ጎበዝ፣ እኮ እኛ ፕላዝማ ነን» አለ። ሳቅንና ከዚያ ዝም አልን። እውነቱን ነበር። አስተማሪውን ከኋላ አስቀምጠን ነበር፤ እኛን የሚያስቆም አልነበረም፤ ልጆቹ ያልያዙትን ቋንቋ እንደ ያዙ ቆጥረን ነበር፤ «ጥያቄ አለ?» ብለን መልስ ሳንጠብቅ አልፈን ነበር። አራቱንም ጥያቄዎች ወድቀናል። እንግዲህ «መሣሪያው ይቅርና ሰው ይሂድ» የሚለው ሐሳብ ብቻውን አያድነንም። ሰውም እንደ መሣሪያ መሆን ይችላል።

ታዲያ መሣሪያ ደግሞ ለሰው መገዛት ይችላል ወይ? ይችላል። ፍሬሬን ብዙ እንጠቅሰዋለን፤ ግን እርሱም ፕሮጀክተር ይጠቀም እንደ ነበር የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል አንጊኮስ በተባለች ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ሥራ ጀመረ። የትምህርቱ ክበብ አንዱ ዕቃ ሥዕል በግድግዳ ላይ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ነበር። ሥዕሉ ግን የሠራተኛው የራሱ ኑሮ ነበር፤ ጉድጓድ ውኃ፣ እርሻ፣ ቤት። ሥዕሉ ይቆማል፤ ሰዎቹ ተነጋግረው እስኪጨርሱ ድረስ አያልፍም። ቃሉም ከእነርሱ አፍ ይወጣል፤ ፍሬሬ ለማስተማሪያ ከሚጠቀምባቸው ቃላት አንዱ «ጡብ» ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወታደሮች መንግሥቱን ሲገለብጡ ሥራው ተዘጋ፤ ፍሬሬም ታስሮ ኋላ ተሰደደ። የፈሩት ፕሮጀክተሩን ሳይሆን ሰዎቹ በፊቱ ቆመው መነጋገራቸውን ነው።

ያን ፕሮጀክተርና የእኛን ፕሮጀክተር አስተያዩ። ሁለቱም ብርሃን ግድግዳ ላይ ይጥላሉ። በወንጪና በወለንጪቲ ልጆቹ ካሜራውን የከፈቱበት ምክንያት ምናልባት ይኸው ነው፤ የራሳቸውን ነገር ለማየት ፈለጉ።

ጥቂት ቃል ስለ ዛሬው መሣሪያ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፣ ሲጠይቁት የሚመልሰው ማለት ነው፣ በስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ ከመካከላችን ያልተጠቀመበት የለም። በአራተኛው ጥያቄ ብንመዝነው ከፕላዝማው ይሻላል፤ ተማሪው ያስቆመዋል፣ ይጠይቀዋል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ እንደሚመልስ በአማርኛ አይመልስም፤ በሲዳምኛና በአፋርኛ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ የተማረው በብዛት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ሲሳሳትም ሳያፍር ይሳሳታል። የሚያውቅ ተማሪ ስሕተቱን ይይዛል፤ የማያውቀው ይቀበለዋል። ስለዚህ የሦስተኛው ጥያቄ ጣጣ አልቀረልንም። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ከቀድሞ ይልቅ በርትቷል፤ በቋንቋችን በደንብ ጽፈን ካላኖርን ነገም ተሠርቶ የመጣውን ስንገዛ እንኖራለን።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው እንምጣ። ኮሚቴው ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ መስሎ ለመታየት ሳይሆን ካለፈው ክረምት ሐፍረቱ ተነሥቶ የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ/ አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት ሁለት አባሎች ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ። ከአስተማሪዎቹ፣ ከተማሪዎቹና ከወላጆች ጋር ተቀምጠው የሚያስቸግራቸው የትኛው ትምህርት እንደሆነ ይጠይቁ። መልሳቸው ዕቅዳችንን የሚለውጥ ከሆነ ዕቅዱ ይለወጥ።

2ኛ/ ታብሌት ይገዛ፤ ግን ጥቂት ይሁን። ለአምስት ለስድስት ልጆች አንድ እንዲሆን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ ኃላፊነቱም በትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች እጅ እንዲሆን። ልጆች አንድ መሣሪያ ከበው ሲቀመጡ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ትምህርት ነው።

3ኛ/ የሚጫነውን ትምህርት እኛና የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አብረን እንሥራው። አጭር ይሁን፤ የእንግሊዝኛው ቃል በአካባቢው ቋንቋ ይፈታ፤ ምሳሌው ከገበያቸውና ከእርሻቸው ይምጣ። የደርዘኑን ምሳሌ የሰጡን መምህር ፈቃዳቸው ከሆነ የመጀመሪያውን ትምህርት እርሳቸው ይቅረጹልን።

4ኛ/ እኛም እንሂድ፤ ግን ረዳት ሆነን። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ግማሹ የተማሪዎቹ ጥያቄ ይሁን። እያንዳንዱ የተጠየቀውን ጥያቄ በደብተሩ ይመዝግብ፤ ማታ ማታ ይነበብ። ጥያቄ ያልተጠየቀበት ቀን እንደ ባከነ ቀን ይቆጠር።

5ኛ/ ከክረምት ስንመለስ የሠራነውንም ያበላሸነውንም በዚህችው ጋዜጣ ላይ እንጻፍ። ቲሸርት አይታተም።

ይህ ዕቅድ ትንሽ እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ትምህርት ቤት ከሺዎች አንዱ ነው። የአገሪቱን የትምህርት ችግር በአንድ ክረምትና በአንድ ሣጥን ገንዘብ እንፈታለን የሚል ሰው ካለ አይመነው። ነገር ግን ነገ ከመካከላችን አንዳንዶች አስተማሪዎች፣ አንዳንዶች መሐንዲሶች፣ አንዳንዶችም በሚኒስቴር ጠረጴዛ ፊት የሚፈርሙ ሹማምንት እንሆናለን። ያን ጊዜ ሌላ ፕላዝማ፣ ሌላ ስሙ ያማረ መሣሪያ በፊታችን ይቀርባል። ሻጩም ጥሩ ይናገራል። በዚያ ሰዓት የሚጠቅመን የሸመደድነው ጥቅስ አይደለም። ያ ጠመኔ የያዙ መምህርና እጁን ያወጣው ልጅ ትዝ ቢሉንና «ይህን ነገር እርሱ ማስቆም ይችላል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ይበቃናል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። የዘመናችን ጥምጥም የጥቅስ ጋጋታና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነው። ሁለቱንም ለጊዜው ከራሳችን ላይ እናውርድና እንማር።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እንለቃለን። የተናገርነውን አስቁማችሁ እንድትጠይቁን እንለምናለን፤ ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።